አንድ ቀን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን፦ ከጥቂት የምሽት ሰዓታት እስከ ሃያ አራት ሰዓት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ቀን አልነበረውም፤ የነበረው ምሽት ብቻ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ቶምሰን በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እገዛ ተከፈተ። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። የሚያሰራጨው ለጥቂት ሰዓታት፣ የሚያየውም በከተማዋ ውስጥ ሳጥኑን መግዛት የቻለ ጥቂት ሰው ነው። ዛሬ ያው ጣቢያ ሌሊቱን ሳይቀር ይሠራል፤ ያውም በአንድ ቻናል ሳይሆን በበርካታ።

ስለ ጣቢያው ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ዜናው ነው፤ ማን እንደተወደሰበት፣ ማን እንደተወገዘበት። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አሰላለፉ ነው። ከምን ቀጥሎ ምን ይመጣል? ለረጅም ዘመን አገሪቱ አንድ ጣቢያ ብቻ ስለነበራት የዕለቱን ፕሮግራም የሚደረድረው ባለሙያ በየቤቱ ማን ከማን ጋር ምን እንደሚያይ ይወስን ነበር። ተረት የሚጠብቀው ሕፃን ስለ ማዳበሪያ ይሰማል፤ ዜና የሚጠብቁት አባወራ አስቀድመው የሕፃናቱን ተረት ያያሉ፤ ለፊልሙ የመጣች ጎረቤት የኢኮኖሚውን ሪፖርት ሳትጨርስ ፊልም የለም። ጣቢያው የሚወደድበትም የሚታማበትም ብዙ ነገር የሚመዘዘው ከዚህ አስገዳጅ ቅይጥ ነው።

ቴሌቪዥኑ ራሱ በብዙ ቤት እንደ ክቡር እንግዳ ነበር የሚቀመጠው፤ ቡፌ ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ አንዳንዱም በር ባለው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ። በር የሚከፈተው ሰዓቱ ሲደርስ ነው። የሰፈር ልጆች እግራቸውን ታጥበው ምንጣፍ ላይ ይደረደራሉ፤ በአንዳንድ ሰፈር ሳንቲም የሚያስከፍል ባለቴሌቪዥንም ነበር። ምስሉ ሲበላሽ አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፤ ሌላው በር ላይ ቆሞ ከውስጥ የሚሰማውን ወደ ላይ ያስተላልፋል፤ «መጣ፣ መጣ… ቆይ፣ እንዳትነካው… ሄደ!» ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጣራ ላይ ያለው ሰው አንቴናውን እንደያዘ ሲቆም ነው፤ ሲለቀው ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ ከቤቱ አንድ ሰው ዜናውን በጆሮው ብቻ ይከታተላል ማለት ነው።

በእነዚህ የመጀመሪያ ዐሥር ዓመታት ጣቢያው ለስላሳ ነበር፤ ሙዚቃ፣ ተረት፣ የቤተ መንግሥት ዜና፣ የውጭ ፊልም። ከባዱ ምሽት የመጣው በ1967 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት ነው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበት ፊልም እዚያው እንግሊዝ አገር የታየው ወደ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነበር። እዚህ ግን ለሕዝብ የቀረበው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ነው፤ ያውም ብቻውን አይደለም። በረሃብ የሚያልቀው የወሎ ሰው በሚታይበት መሐል የቤተ መንግሥቱ ድግስና ቅምጥልነት እየገባ እንዲታይ ተደርጎ ተቆርጦ ተቀጥሏል። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተነግሯቸው እንደነበር ተጽፏል። በማግስቱ ጠዋት ከሥልጣን መውረዳቸው ተነበበላቸው፤ በቮልስዋገን ተወሰዱ።

በዚያ ምሽት ንጉሡን ያወረደው ደርግ አዲስ ምስል አልፈለገም። ሁለቱም ምስሎች ቀድሞ የነበሩ ናቸው፤ የረሃቡንም የድግሱንም ሌላ ሰው ቀርጿቸዋል። ያደረገው ነገር አንዱን ከሌላው ጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው። አሰላለፍ የሚባለው ነገር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በአገራችን የቴሌቪዥን ታሪክ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ጉልበቱን ያየ መንግሥት ደግሞ መቁረጫውን ከእጁ እንደማያወጣ መገመት አይከብድም።

ደርግም አላወጣም። ምሽቱ በኪነት ጓድ መዝሙር፣ በሰልፍ፣ በጉባኤና ከሶሻሊስት አገሮች በሚመጡ ፊልሞች ተሞላ። ቀለም የመጣው በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመትና ለኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ በዓል ነው። ባንዲራው፣ አበባው፣ የሰልፈኛው ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀለም ታየ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የኮረምን መጠለያ ዓለም በቢቢሲ አየ፤ ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ዐሥር ዓመት ቀድሞ የተደበቀን ረሃብ በማሳየት ሥልጣን የያዘው መንግሥት በተራው ረሃቡን ከባዕድ ጣቢያ ኋላ ቀርቶ ነው ያሳየው። ባለ ቀለሙ ካሜራ አዲስ አበባ፣ አብዮት አደባባይ ላይ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል ከፖለቲካው ጋር የማይለዋወጥ አንድ ሰዓት ነበረ፤ የልጆች ጊዜ። አባባ ተስፋዬ፣ በሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ፣ ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ለ42 ዓመታት ያህል ተረት አወሩ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ገባ፤ የሕፃናቱ ምንጣፍ እዚያው ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ተረታቸውን የሰማ ልጅ በ1990ዎቹ የራሱን ልጅ ይዞ ሊሰማቸው ይችል ነበር።

እንዴት እንደሚያወሩ ያየ አይረሳውም። ከመድረክ የመጡ ሰው ናቸው፤ ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው የተወኑ፣ በኋላም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያለፉ። ስለዚህ ተረቱን አያነቡም፤ ይጫወቱታል። ጅቡ ሲመጣ ድምፃቸው ይወርዳል፤ ጦጣዋ ስትናገር አንገታቸው ያጥራል። ካሜራው ጸጥ ብሎ ቆሞ ይመለከታቸዋል። ሲጨርሱ «ልጆች፣ ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ይላሉ፤ ልጆቹም እጅ ያወጣሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ ጥቂት ልጆች፤ ወጪው ይህችው ናት። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ያለቀሰው ልጅ ሳይሆን ሽበት ያለው ሰው ነበር። ከእሳቸው በኋላ በየጣቢያው ብዙ የሕፃናት ዝግጅት መጥቷል፤ በአሻንጉሊትም፣ በካርቱንም። ሁሉም ልጅ በአንድ ሰዓት የሚያየው ግን አንድም አልመጣም፤ ይህም የአዘጋጆቹ ጥፋት አይደለም።

ሌላው የማይነቃነቀው ምሰሶ የሁለት ሰዓት ዜና ነው። አንባቢው ይለወጣል፣ መግቢያ ሙዚቃው ይለወጣል፣ ከጀርባ ያለው ካርታም ይለወጣል፤ የስብሰባው ዜና ግን አይለወጥም። አዳራሹ ይታያል፤ ካሜራው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል፤ ያገኘዋል፤ አንድ የታሸገ ውኃና አንድ ጠረጴዛ ላይ ያለ አበባ ያሳያል፤ ተመልሶ ወደ መድረኩ ይመጣል። ተናጋሪው አፉ ይንቀሳቀሳል፤ የምንሰማው የጋዜጠኛውን ድምፅ ነው። ዐረፍተ ነገሩም «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመለከተ» ብሎ ያልቃል። በሦስት ሥርዓት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዎች በዚሁ አዳራሽ ተቀምጠዋል፤ የካሜራው አካሄድ ግን አንድ ነው። አንድ ሰው የ1970ዎቹንና የ2000ዎቹን ዜና ድምፁን ዘግቶ ቢያይ ዘመኑን የሚለየው በኮቱ ክፈፍ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የምሽቱ ሰዓት መከፋፈል ነበረበት። ኦሮምኛና ትግርኛ የራሳቸውን ሰዓት አገኙ፤ የእንግሊዝኛው ዜናም ወደ ሌሊቱ ተገፋ። ይህ መሆን የነበረበት ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ቋንቋ ብቻ ሲነገረው መቆየቱ ነው የሚገርመው። ከሰዓት አንፃር ግን አዲስ ጠባይ ይዞ መጣ። ዜናው በአንዱ ቋንቋ ሲጠናቀቅ ብዙ ቤት ቴሌቪዥኑን ዝቅ ያደርግና ቡና ያፈላል፤ የራሱ ቋንቋ ሲመለስ ከፍ ያደርጋል። ቅይጡ ተመልካች መለያየት የጀመረው ዲሽ ከመምጣቱ በፊት፣ በዚህች ድምፅ ዝቅ በማድረግ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሰብሰብ ለስፖርት ቀረ። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስታነሣ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ከጨዋታው እኩል ታሪክ ሆነ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ደግሞ በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንድ በሚቆጠር ልዩነት ሲቀድም በእኛ አገር ቀትር አካባቢ ነበር። ምሽት ብቻ የለመደ ጣቢያ በቀን ሙሉ ከተማ ሊያቆም እንደሚችል የታየው እንዲህ ባለው ቀን ነው፤ ቢሮም ሱቅም ወደ ቴሌቪዥን ዞሯል። በ1997 ዓ.ም. የምርጫው ክርክር በቀጥታ ሲተላለፍ ያው ነገር በፖለቲካ ተደገመ። ሰው ሥራውን አቁሞ ባለሥልጣንና ተቃዋሚ በአንድ ጠረጴዛ ሲከራከሩ አየ፤ ሻይ ቤቱም እንደ ኳስ ጨዋታ ተከፋፍሎ ተከተለው። ከምርጫው በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን ጠረጴዛው እንደዚያ ተሞልቶ አልታየም።

ቀኑ የተሞላው በሌላ መንገድ ነው። ለትምህርት ቤቶች የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት ቀድሞም ነበረ፤ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ «ፕላዝማ» ሲመጣ ግን መምህሩን ሊተካ ነው ተባለ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው የእንግሊዝኛ ትምህርት በሳተላይት እየወረደ በየክፍሉ ይሮጣል፤ ተማሪው ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ ስክሪኑ መልሱን ይናገራል። የብዙ የዚያ ትውልድ ተማሪ የቴሌቪዥን ትዝታ ይህ ነው፤ ሊያጠፋው የማይችለው ቴሌቪዥን።

ለቀረው ሰዓት መፍትሔ የሆነው የአየር ሰዓት መሸጥ ነበር። ቀድሞ ሕብረ ትርኢትን የመሰለ የመዝናኛ ዝግጅት የጣቢያው የራሱ ነበር፤ በኋላም «120» የተባለው ዝግጅት ኮሜዲያንን ወደየቤቱ አስገባ፤ ተስፋዬ ካሣ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በዚህ በኩል ነው ያለፉት። ቀስ በቀስ ግን «ተባባሪ አዘጋጅ» የሚባል ሰው መጣ። ሰዓቱን ይገዛል ወይም ከጣቢያው ጋር ይካፈላል፤ ስፖንሰር ይፈልጋል፤ ካሜራውንም አቅራቢውንም ይዞ ይመጣል። ከዚህ በኋላ የፕሮግራሙ መደርደሪያ የኃላፊው ሐሳብ ብቻ ሳይሆን የገበያው ዋጋም ሆነ። ጥሩ ሰዓት ውድ ነው፤ ውድ ሰዓት ደግሞ ስለ አርሶ አደር አያወራም። ለማዳበሪያው ፕሮግራም የተረፈው ተመልካች የማይኖርበት ሰዓት ነበር፤ ቀድሞ ሕፃኑ በግድ ይሰማው የነበረውን አሁን የሚሰማው አልተገኘም።

ከዚህ ገበያ መልካም ነገርም ወጥቷል። «ገመና» የተባለው ተከታታይ ድራማ ሰውን ሳምንት አስጠበቀ። «ሰው ለሰው» ደግሞ አበበ ባልቻ በተወኑት አስናቀ በኩል ከተማውን ሁሉ አንድ የጋራ ጠላት ሰጠው። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ የሚወራው የአስናቀ ክፋት ነበር፤ ረዳቱም ይገባበታል፤ ሾፌሩም በመስታወት እያየ ያርማል፤ «አይ፣ አላየኸውም፤ መጨረሻ ላይ እኮ…» ሁሉም ያየው አንድ ሌሊት፣ አንድ ሰዓት ነው፤ ያመለጠው ሰው የሚጠይቀው ጎረቤቱን ነው። ይህ የሳምንት ቀጠሮ በሕዝብ ጣቢያ ላይ ጎልቶ የታየበት የመጨረሻው ጊዜ ይመስለኛል።

በዚያው ሰሞን በምርጡ ሰዓት ላይ ሌላ ዓይነት ዝግጅት ይታይ ነበር፤ ዶክመንተሪ። በ2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ»፣ በ2005 ዓ.ም. «ጅሃዳዊ ሐረካት» ቀረቡ፤ ገና ፍርድ ያላገኙ ሰዎች ቤት ውስጥ እራት ላይ ሳለን ተፈረደባቸው። አዲስ ዘመን መጣ ተብሎ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ «የፍትህ ሰቆቃ» ቀረበ፤ በዚህኛው ተበዳዮቹ የትናንት እስረኞች፣ ተከሳሾቹ የትናንት መርማሪዎች ናቸው። ይዘቱ ከቀድሞዎቹ የሚለይ፣ የተሰማው ስቃይም እውነተኛ ነው። ሙዚቃው፣ ጥላው፣ ድምፁን ያከበደው ተራኪና ሰዓቱ ግን ከቀድሞዎቹ ተወርሷል። እንቁጣጣሽ 1967 ላይ የተገኘው ዘዴ ባለቤት እየለወጠ መሥራቱን አላቆመም።

ጣራው ላይ አንቴና በዲሽ ሲተካ አንድ ጣቢያ ብቻ የሚለው ዘመን አበቃ። መጀመሪያ የገቡት የዓረብ ጣቢያዎች የሚያሳዩዋቸው ፊልሞች ናቸው። ከአምስተርዳምና ከዋሽንግተን ያሰራጭ የነበረው ኢሳት ሲመጣ ሪሲቨሩ የፖለቲካ ዕቃ ሆነ፤ ስርጭቱ ሲታወክ ጠጋኝ ይጠራል፣ ፍሪኩዌንሲ ይቀየራል፣ ዲሹ ይዞራል። ኢቢኤስ ከአሜሪካ ተነሥቶ የእሑድ ከሰዓትን ወሰደ። በ2008 ዓ.ም. ቃና የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ሲመጣ የአገር ውስጥ ተዋንያንና ባለሙያዎች ተቃወሙ፤ ባህላችንን፣ ሥራችንንም ብለው። እውነት የነበረው ሁለተኛው ነው። ቃና ያሳየው ሰው በየቀኑ ተከታታይ ማየት እንደሚፈልግ ነው፤ በሳምንት አንድ ክፍል ለሚያቀርብ ጣቢያ ከዚህ የከፋ ዜና የለም።

የሕዝብ ጣቢያው መልስ መከፋፈል ሆነ። በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተብሎ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ኢቲቪ የሚለው የቆየ ስም ተመልሶ ዜና፣ መዝናኛና ቋንቋዎች በሚል በሦስት ተከፈለ። ሥራ ለሚያውቅ ሰው ትክክለኛ እርምጃ ይመስላል፤ ዜና የሚፈልግ ዜና ያገኛል፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ የሚፈልግም ከአማርኛው ዜና ኋላ ቆሞ አይጠብቅም። ግን ያ ቅይጥ ምሽት በዚህ ፈረሰ። ዜናው ቀኑን ሙሉ ስለሚደገም ሁለት ሰዓት ሲደርስ አዲስ የሚሰማ ነገር ጥቂት ነው። መዝናኛውም በ2011 ዓ.ም. ሕጉ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ዋናው ገንዘብ አውጪ ሄደበት። የበዓል ዋዜማ ዝግጅቶች በቢራ ፋብሪካዎች ስም ይደምቁ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ከዚያ ወዲህ መድረኩ ለምን እንደጠበበ አይጠይቅም። ሕጉን አልቃወምም፤ ክፍተቱን ማን ይሙላው የሚለው ግን ሳይመለስ አለ።

የበዓል ዝግጅት ይሁን እንጂ ዛሬም የጣቢያው ጠንካራ ቀን ነው። ደመራ ከመስቀል አደባባይ፣ ጥምቀት ከጃንሜዳ፣ የዒድ ሰላት ከአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ኢሬቻ፤ እነዚህ በቀጥታ ሲተላለፉ ቤት ያለውም፣ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያለውም ያያል። ዋዜማው ላይ አቅራቢዎቹ የአገር ልብስ ለብሰው፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ አንድ ታዋቂ ድምፃዊ ሽንኩርት እንዲከትፍ ይደረጋል፤ እንደማይችልም ሁሉም ያውቃል። የሚያስቀው እሱ ነው። ቀረጻው ደግሞ ከበዓሉ ብዙ ቀን ቀድሞ ይሠራል፤ የእንቁጣጣሹን «እንኳን አደረሳችሁ» የሚሉት ውጪ የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ፣ የአደይ አበባውም ፕላስቲክ ሆኖ ነው።

ቅይጡ ቀን ሳይታሰብ የተመለሰው በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ ነው። ጠዋት የትምህርት ፕሮግራም፣ ከዚያ ጤና ሚኒስቴር የሚያወጣው የዕለቱ ቁጥር፣ ቀጥሎ የሃይማኖት አባቶች ለአንድ ወር በየተራ የመሩት ጸሎት፣ ማታ ዜና። ጸሎት በመንግሥት ጣቢያ በየቀኑ ይተላለፋል ብሎ ማን ጠብቆ ነበር? ቤት የተዘጋበት ሰው ሁሉንም በተራ አየ፤ ካህኑንም፣ ሼኩንም፣ ፓስተሩንም። ሲከፈት እንደገና ሁሉም ወደየቻናሉና ወደየስልኩ ሄደ።

አሁን ዜናው ራሱ ሳይጀምር ተቆራርጦ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ተመልካቹ የሚያየው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ከሦስት ደቂቃው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የሚወስነው ስልኩ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት የነበረው ሰው አይደለም። ጣቢያው ስለዚህ ምን እንዳሰበ ለማወቅ ግን የሚጠቅመው መግለጫው አይመስለኝም። አዲስ ኃላፊ በተሾመ ቁጥር እኔ የማየው ከሁለት ሰዓቱ ዜና ቀጥሎ ምን እንዳስቀመጠ ነው። ድራማ ካስቀመጠ ሰው እንዲቆይ ይፈልጋል። የዜናውን ትንታኔ ካስቀመጠ ደግሞ ያው ዜና አንድ ጊዜ እንዲደገምልን።